ጥልቅ ማሳጅና የቀለም ቀቢው ክንድ

የባለቤቴ ወንድም ቀለም ቀቢ ነው። ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሣ ካለ ሳምንት አለፈው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የአንድ ትልቅ አዳራሽ ጣሪያ ይጀምራል። ካልጀመረ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። እኅቱ አላስቀምጥ ስላለችን ማሳጅ ቤት ወሰድኩት። እሱ ከመጋረጃው ወዲያ ተኛ፤ እኔ ወዲህ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ።

ባለሙያዋ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት። “ጋሼ፣ ይሄ እንቅልፍ የሚያስወስደው ዓይነት አይደለም። ወደ ውስጥ ገብቼ ነው ጡንቻውን የምፈታው። ትንሽ ያማል፤ ሲበዛብዎት ይንገሩኝ።”

“እሺ ልጄ።”

ጀርባውን በዘይት ስታሟሙቀው ይሰማኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ “ህእ!” የሚል ድምፅ መጣ።

“እንዴት ነው ጋሼ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

ይህ ሰው ከመሰላል ወድቆ እግሩ የተሰበረ ዕለትም ያለው ይህንኑ ነው። እኛ ዘንድ እንዴት ነህ ላለ ሰው መጀመሪያ ምስጋና ይቀርባል፤ ሕመሙ የሚወጣው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ልጅቷ ግን ሁለተኛ አልጠየቀችም።

“ጎበዝ! እንግዲያው በክርኔ ልግባ።”

አልጋው ሲጢጥ አለ።

“አሁንስ?”

“ይመስ... ገን!”

“ልጨምር?”

“እሱ... ያመጣውን...”

አላስችል አለኝ። “አንተ ሰውዬ፣ ፈጣሪህን አመስግን፤ ለልጅቷ ግን እውነቱን ንገራት!”

“ዝም በል! በልጅ ፊት ልጩህ?”

“ጋሼ፣ እዚህ አልጋ ላይ የፖሊስ አዛዥ ጮኾበታል” አለች ሳቋን እየታገለች። “ትንፋሽዎን ሲይዙ ጡንቻውም አብሮ ይቆለፋል።”

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከዚያ፦ “ቆይ! ቆይ! እዚያ ጋ! ከትከሻው አጥንት ሥር! ኧረ ጨረስሽኝ!”

“ይኸውልዎት! ግማሽ ሰዓት ሙሉ የፈለግሁት ይሄንን ነው። አሁን እጄን ላቅልል፤ አውራ ጣቴ ብቻ እዚያው ይቆያል፤ ይተንፍሱ።” ሲተነፍስ ሰማሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ።

“ላላ” አለ፣ ራሱ ተገርሞ።

“ነገ የተደበደቡ ያህል ይሰማዎታል፤ አይደንግጡ። ውሃ ይጠጡ፣ ብሩሽም አይንኩ። ከነገ ወዲያ ይሠራሉ።”

ለባብሶ ወጣና ክንዱን አነሣ። ጆሮውን አለፈ። ከዚያማ ማን ያውርደው! ወደ ሰማይ እንደዘረጋው መንገድ ዳር ደረስን፤ አንድ ታክሲ ሲጥ ብሎ ቆመለት።

“ወዴት ነው ጋሼ?” አለ ሹፌሩ።

“የትም! ጣሪያ ልቀባ ነው!”

ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

“ደኅና ነው” አልኩት፤ “እለፍ።”