ምራቴን ያጠጣኋት ኮሶ

ይመኙሽ አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ይችን ነገር ስናገር ግን ድምፄ ዝቅ ይላል።

ከጎንደር በላይ ባለችው አገራችን በኮሶዬ ኮሶ አዘጋጅ ቢባል እኔ ነበርኩ። አበባውን ለቅሜ ጥላ ላይ አደርቃለሁ፣ ወቅጬ በጠላ እበጠብጣለሁ። የሦስት ደብር ሰው ደጄ ይመላለስ ነበር። በቤቴም ሥርዓት አለ። በየሁለት ወሩ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጠዋት፣ በባዶ ሆዱ ይጠጣል፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ቤት ነዋ! ያን ቀን ሥራ የለም። እንግዳ ቢመጣ እንኳ "መድኃኒት ወስደዋል" ተብሎ ይመለሳል።

ልጄ ሰጠኝ ሽታዬን ካገባ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጅቱ ሸጋ ናት፤ እጇ ሥራ አይፈታም፣ ድምፅዋ አይሰማም። ልጅ ግን የለም። ሦስት ጊዜ አስወረዳት። ማርገዟን የምናውቀው ራሱ ደም ፈሷት ስትተኛ ነው። በእኛ ዘንድ ሆድ ሳይገፋ "አርግዣለሁ" አይባልም፤ ነውር ነው፣ የሰው ዓይንም ይፈራል። ለአማትማ ጨርሶ አይነገርም።

እኔም ሾተላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠበል ወሰድኳት፣ አልሆነም። ገርጥታና ከስታ ሳያት ደግሞ ትሉ በልቶ ጨረሳት ብዬ ኮሶውን ከሌላው ሰው አብልጬ እቀዳላት ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ጠራሁ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ አያ ዳኛው ትዳሩ በመጪው እሑድ እንዲፈርስ ቆረጡ። ሰጠኝ እግራቸው ላይ ወድቆ "እባክዎ፣ መጀመሪያ ጎንደር ሐኪም ይያት" ብሎ ለመናቸው። እሺ አሉት። እኔም "ሐኪሙ ያንኑ ይነግርሃል" ብዬ፣ ራሴው ልወስዳት ተነሣሁ።

ያኔ ጣሊያን ከወጣ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰኞ ጠዋት በጭነት ማኪና፣ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠን ጎንደር ወረድን። ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለችን ሸዋገነት የምትባል ነርስ ናት፤ ነጭ የለበሰች፣ ልጄ የምትሆን።

"እማማ፣ እርስዎ ደጅ ይቆዩልኝ" አለችኝ።

"ምነው? ይዣት የመጣሁ እኔ አይደለሁ?" ብዬ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ነርሷ አልተሟገተችኝም። ሽታዬን ከመጋረጃው ጀርባ አስተኝታ ሆዷን ዳበሰች፣ ቀስ ብላ አንዳንድ ነገር ጠየቀቻት። ከዚያ እጇን እየታጠበች "ሽታዬ እርጉዝ ናት። ሦስት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል" አለች።

ብድግ አልኩ። "እርጉዝ? በቤቴ እየኖረች፣ እኔ ሳላውቅ?"

ሽታዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ነርሷ እስክሪብቶዋን አንሥታ፣ ያለፉት ሦስቱ ከመውረዳቸው በፊት የወሰደችው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀች። ሽታዬ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀድሜ መለስኩላት።

"ከኮሶ በቀር ምን ትወስዳለች? እሱንም ከእኔ እጅ ነው። የይመኙሽን ኮሶ የማያውቅ የለም!"

እስክሪብቶው ቆመ። ነርሷ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዞረች። "ሽታዬ፣ የመጀመሪያው ጊዜ ደም የፈሰሰሽ ኮሶ ከጠጣሽ በስንተኛው ቀን ነው?"

"በማግስቱ።"

"ሁለተኛውስ?"

"በማግስቱ።"

"ሦስተኛው?"

"የዚያኑ ዕለት ማታ።"

አራት ዓመት አብረን ስንኖር እኔ አንድም ቀን ይህን አልጠየቅኳትም።

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እማማ፣ ኮሶ የሚያስወጣው ትል ብቻ አይደለም። ማህፀንንም ያኮማትራል። መጠኑ ሲበዛማ ፅንስ ያስወርዳል" አለችኝ።

"ሆዷ ለገፋ ሴት እኮ አልሰጥም!" አልኩ። እየጮህኩ ነበር። "ይህን አውቃለሁ! ስንቷን ከደጄ መልሻለሁ!"

"ሆዷ ገና ያልገፋችውስ? እሷም እርጉዝ ናት እኮ።"

ለካ ሾተላይዋ እኔው ራሴ ነበርኩ። ሦስት የልጅ ልጆቼን በእጄ በጥብጬ ገድያቸዋለሁ።

"አሁን በቅርቡ አልወሰደችም አይደል?" አለች ነርሷ።

አምላኬ! ሐሙስ ጠዋት ሰጥቻት ነበር። ሐኪም ፊት ሆዷ ጠድቶ ትቅረብ ብዬ ዋንጫውን ጢም አድርጌ ነው የቀዳሁላት። "ሐሙስ" አልኩ፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ነርሷ ፊቷ ተለዋውጦ ዶክተሩን ልትጠራ እየሮጠች ወጣች።

"አራተኛውንም ጨረስኩት!" እያልኩ ደረቴን ስመታ፣ ሽታዬ ከአልጋው ወርዳ እጄን ያዘችኝ።

"እሜቴ፣ አልጠጣሁትም።"

"ምን አልሽ?"

"ሐሙስ ዕለት ሰው ጠርቶዎት ወደ ደጅ ሲወጡ አመዱ ላይ ደፋሁት፤ ከሁለት ወር በፊት የቀዱልኝንም እንዲሁ። ጠጣሁ ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ያቺ ቀና ብላ አይታኝ የማታውቅ ልጅ! ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱን በጩኸት አፈርሰው ነበር። ያን ቀን እልል አልኩ። ነርሷ ዶክተሩን ይዛ ስትመለስ አማት መሬት ላይ ተቀምጣ እልል ስትል አገኘችን።

ነገሩ ሲገባት እሷም ሳቀች፤ ከዚያ አጠገባችን ተቀምጣ መከረችን። እስክትወልድ ኮሶ ወደ አፏ እንዳይደርስ፤ ትል ቢኖርባት እንኳ ከወለደች በኋላ ጤና ጣቢያው የሚሆናትን ይሰጣታል። ሥጋ በደንብ ሳይበስል እንዳትበላ፤ ትሉ የሚመጣው ከጥሬው ነውና እኛም ብንተወው ይሻለናል። ውሃ ሌላ ሰው ይቅዳላት፣ እንቁላልና ጎመን አይጉደልባት፣ በየወሩ መጥታ ትታይ። ደም ጠብ ካለ በማኪናም ሆነ በቃሬዛ ወዲያው ይዘናት እንድንመጣ። "አርግዣለሁ ማለት ነውር አይደለም፤ ቢያንስ ለእኛ ንገሩን" ብላ ሁለታችንንም አየችን። እኔም እንደ ተማሪ አንድ በአንድ ደገምኩላት።

ስንመለስ ጆንያው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለአያ ዳኛው ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ በአፌ እንደምነግራቸው ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች። ኮሶዬ ልንደርስ ስንል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

"ለመሆኑ ኮሶው እንደሆነ ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ከሁለተኛው በኋላ ራሴ ጠረጠርኩ።"

"ከሁለተኛው? ታዲያ ሦስተኛውን ምነው ጠጣሽው?"

ፊቷን ወደ ገደሉ መለሰች። "ያን ጊዜማ ዋንጫውን እስክጨርስ ፊቴ ቆመው ነበራ" አለችኝ።

በድምፅዋ ቁጣ የለም። ሦስተኛውን ካጠጣኋት ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ አልፎ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ልጇን ማን እንደገደለባት እያወቀች፣ ማታ ማታ ውሃ አሙቃ እግሬን ታጥበኝ ነበር።