በእማዬ ካልሲ ላይ የተገኘው ጭጎጎት

ነርሷ የእናቷን ልብስ እንዲያጥብ ለሌላ ሰው ሰጥታ አታውቅም። ማጠቢያ ማሽኑ እንኳ የእማዬን ከሌላው ጋር ደባልቆ እንዲያጥብ አትፈቅድለትም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ስትገለብጥ፣ ግራጫው ካልሲ ላይ ሦስት ጭጎጎት ሙጭጭ ብሎ አገኘች።

ክው አለች። ጭጎጎት ሣር ለሣር የሄደ ሰው ልብስ ላይ ይጣበቃል እንጂ ሶፋ ላይ አይበቅልም። እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ የትም አትሄድም። ነርሷ ሆስፒታል ተረኛ በምትሆንበት ቅዳሜ ብቻ እማዬ ወንድ ልጇ ቤት ሄዳ ትውላለች። የነርሷ ወንድም ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር አለው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ተክል አንድ የፕላስቲክ አበባ ነው።

«እማ፣ ትናንት እንዴት ዋልሽ?» አለች፣ ድምጿን እንደ ምንም አለሳልሳ።

«ምን እውላለሁ፣ ተጋድሜ ቴሌቪዥን ሳይ ነዋ» አለች እናቷ ከሳሎን። እማዬ ስትዋሽ ድምጿ ይቀጥናል። አሁንም ቀጥኗል።

ነርሷ ሦስቱን ጭጎጎት ነቅላ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከተተቻቸው። ፖሊስም እንደዚህ ማስረጃ አይሰበስብም። ወንድሟን አልጠረጠረችም፤ እሱ ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት የሚተኛ ሰው ነው። የጠረጠረችው ሚስቱን ነው።

የወንድሟ ሚስት መኪና መንዳት ታስተምራለች። ነርሷ በሆዷ «ሾፌሯ» ነው የምትላት። ሾፌሯ ከሠርጓ ማግስት ጀምራ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ የሰውን እናት «እማዬ» ማለት ጀመረች። ይህ ሳያንስ ታስቃታለች። ነርሷ አሥር ወር ሙሉ እናቷን አጥባለች፣ አልብሳለች፣ ጠዋትና ማታ ደም ግፊቷን ለክታለች፣ ደረጃ በወረዱ ቁጥር ክርኗን ይዛ «አንድ… ሁለት… ቀስ» ስትል ኖራለች። አስቃት ግን አታውቅም። ልፋቱ የእሷ፣ ሳቁ የሌላ ሰው። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም፤ እሷም ሌላ ስም አልፈለገችለትም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ተራዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያየረች። ጠዋት እንደ ወትሮው ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ እናቷን ስማ ወጣችና ማዕዘኑ ላይ ካለው ኪዮስክ ጀርባ ቆመች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጣራዋ ላይ «ተማሪ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት ትንሽ መኪና የቤታቸው በር ላይ ቆማ እማዬን አሳፈረች። ነርሷ ታክሲ አስቁማ «ያችን መኪና ተከተልልኝ» አለች። ባለ ታክሲው በመስታወት አየት አደረጋትና ባሏን የምትከታተል መስሎት አዘነላት። እሷም አላረመችውም።

መኪናዋ ከተማውን ለቃ ግማሽ ሰዓት ከተጓዘች በኋላ ኮረብታማው የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ በር ላይ ቆመች። ቅዳሜ ስለሆነ ሰዉ ግር ብሎ ወጥቷል፤ የሚሮጥ አለ፣ ብስክሌት የሚገፋ አለ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አለ። እማዬ ከመኪናው ወረደች። ነርሷ አይታው የማታውቀው ባለ ወፍራም ሶል ጫማ፣ አይታው የማታውቀው ኮፍያ፣ አይታው የማታውቀው ምርኩዝ። ለካ እናቷ ሰው ቤት የምታስቀምጣት ሌላ እማዬ አለቻት። ሾፌሯ ቲኬት ቆረጠች፣ አንድ ነገር አለች፣ እማዬ ሳቀች። ነርሷ ያንን ሳቅ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ሰማችው።

በሆስፒታል ነጠላ ጫማዋ ዳገቱን ተያያዘችው። ሃያ ደቂቃ ሳትሄድ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ከዛፍ ዛፍ እየተከለለች ስታያቸው፣ እማዬ በምርኩዟ እየተደገፈች ቀስ እያለች ትወጣለች፤ ሾፌሯ ግን አሥር እርምጃ ቀድማ፣ ሁለት እጇን ኪሷ ከታ፣ ወደ ኋላ ዞር እንኳ ሳትል እያፏጨች ትሄዳለች። ክርን የሚይዝ የለ። የሚቆጥር የለ።

ያኔ ነርሷ፣ ለማንም የማትናገረውን ነገር ተመኘች። እማዬን ትንሽ ቢያዳልጣት። እንድትጎዳ አይደለም፤ ሾፌሯ እንድታፍር፣ እማዬም «ልጄ የት አለች» እንድትል ያህል ብቻ።

ምኞቷ ደረሰ። ጠጠር የበዛበት መታጠፊያ ላይ እማዬን አዳለጣትና ዘጭ ብላ በቂጧ ተቀመጠች። ነርሷ የተመኘችውን ረስታ፣ ሮጣ ደርሳ፣ ከኋላ ብብቷን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ» አለች እማዬ፣ ማን እንደሆነች ሳታይ። ከዚያ ዞር አለች። «አንቺ? ሥራ አልገባሽም እንዴ?»

«ጉልበትሽን አሳዪኝ። አመመሽ?» አለችና ወደ ሾፌሯ ቀና አለች። «አንቺ ደግሞ ቆመሽ ታያለሽ፣ እጅሽን ኪስሽ ከተሽ።»

ሾፌሯ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር፤ ቢሆንም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «እቴ፣ እጄን ኪሴ የከተትኩት ሮጬ እንዳልይዛት ነው» አለች። «ከተማሪ ጋር ስነዳም እንደዚሁ ነው። እጄ ዝም ብሎ መሪውን ሊነጥቅ ይሄዳል፤ እሱን ማሰር ነው ትልቁ ሥራ።»

«እናቴ መኪና አይደለችም።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉልኝማ፣ ልነሳበት» አለች እማዬ።

ጊዜ ወሰደባት። በጎኗ ተገለበጠች፣ ደህናውን ጉልበቷን ተከለች፣ ምርኩዙን ፈለገች። የነርሷ እጅ ሁለት ጊዜ ተዘረጋ፤ ሁለት ጊዜም እማዬ ዐይኗን አፈጠጠችበት። በመጨረሻ ቆመች። አቧራዋን አራገፈችና ያለማንም እርዳታ ትልቅ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ተነፈሰች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ነርሷ።

«ብነግርሽ ትመጫለሻ።»

እማዬ የተናገረችው ከብዷት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ጋ ስሆን በሽተኛ ነኝ፣ ልጄ። ጎበዝ ነርስ ነሽ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ አልቆምም ነበር። ግን አሥር ወር ሙሉ በሽተኛ ነኝ። እዚህ ስመጣ ዝም ብዬ ዳገት የከበዳት አሮጊት እሆናለሁ።»

ሦስቱም ጫፍ ድረስ ወጡ። ከላይ ከተማው ሁሉ ይታያል፤ የሆስፒታሉ ቀይ ጣራም ይታያል። እማዬ ውኃ አውጥታ መጀመሪያ ለነርሷ ሰጠቻት፣ ምክንያቱም ከሦስቱ ክፉኛ የምታለከልከው እሷ ነበረች። ሾፌሯ ይህን አይታ እንዳትስቅ ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች። ነርሷ ግን አየቻት።

ሲወርዱ በግንድ የተሠራ ቁልቁል ደረጃ አለ። ሾፌሯ እንደ ልማዷ ቀድማ ወርዳ ታች ቆመች። እማዬ ከአፋፉ ላይ ቆማ ለነርሷ እጇን ዘረጋችላት።

«ያዢኝ። ልቀቂ ስልሽ ግን ትለቂያለሽ።»

ነርሷ ያዘች። አንድ… ሁለት… ልትል ነበር፤ ዋጥ አደረገችው። አራተኛው ግንድ ላይ ሲደርሱ እማዬ «ልቀቂ» አለች። ነርሷ አልለቀቀችም።

«ልቀቂ አልኩ እኮ።»

ለቀቀች። እማዬ የቀረውን ብቻዋን ወረደችና ሾፌሯ አጠገብ ቆመች። ሾፌሯ አንድ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ነርሷ ከላይ ሆና እጇ ገና የእናቷ ሙቀት ሳይለቀው ሳቃቸውን ሰማች፤ ቅናቷም እንደ አዲስ ተነሳባት። ምንም አልቀነሰም። እኔስ፣ አለች በሆዷ፣ እኔን ማን ይይዘኛል።

በዚህ መሃል ነጠላ ጫማዋ ከዳት። ሁለት ግንድ ተንሸራታ በቂጧ ተቀመጠች። አልተጎዳችም፤ ግን እንደ ሕፃን እንባዋ መጣ። ወደ ታች አየች።

እማዬ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ተመልሳ፣ አንድ እጇን ዘርግታ ነበር። እዚያው ቆመች። እማዬ የተዘረጋውን እጇን አየችው፣ ከዚያ ወደ ጃኬቷ ኪስ ወሰደችው። እጁ እሺ ብሎ አልገባም፤ መጀመሪያ ኪሱን ሳተው፣ ሁለተኛም ሳተው፣ በሦስተኛው ነው በግድ የከተተችው። ከገባም በኋላ ጨርቁ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

ነርሷ ያንን እጅ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መሬቱን ተደግፋ ተነሳች።