የድንበሩ ድንጋይ ምስክር

ኤድመንድ ዋይቨል ጠበቃ ነው፤ የፓርላማ አባልም ነው። የአባቱ ርስት ግን ለታላቅ ወንድሙ ለሰር ራልፍ ደርሷል። እውነቱን እንናገር ከተባለ የፓርላማው ወንበርም የወንድሙ ነው። በወረዳው የሚመርጡት ሁሉ የሰር ራልፍ ጭሰኞች ናቸው፤ እሱ ምረጡ ያላቸውን ሰው ይመርጣሉ፣ አለቀ።

ዘንድሮ ደግሞ ሰር ራልፍ የዊንስኮት መንደር ድሆች ከብት የሚያሰማሩበትን የወል ግጦሽ በፓርላማ አዋጅ አጥሮ ወደ ርስቱ መቀላቀል አማረው። ጉዳዩን የሚመረምሩት አምስት የፓርላማ አባላት ናቸው፤ አንዱ ኤድመንድ ነው።

በምርመራው ጠዋት የዊንስኮቱ ሽማግሌ ጆብ ታቸር የፓርላማው ኮሪደር ላይ ጠበቀው። አራት ቀን በእግሩ ተጉዞ ጫማው አፉን ከፍቷል።

«እንዴት ወፍረዋል፣ ጌታዬ!» አለው። «ያኔ ዘቅዝቄ ስይዝዎ እንደ ድመት ነበር የቀለሉኝ።»

ኤድመንድ ሳይወድ ሳቀ። ዊንስኮቶች ዱሮ በየዓመቱ ከቄሳቸው ጋር ድንበራቸውን ይዞሩ ነበር። በየድንበሩ ድንጋይ አንድ ልጅ ዘቅዝቀው ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ጋር ያጋጩት ነበር፤ ቦታውን ዕድሜ ልኩን እንዳይረሳ። የኤድመንድ ድንጋይ ግጦሹ ከርስቱ የሚዋሰንበት ዳር ላይ ያለው ነበር። ያን ዕለት የጆብ እጅ ከበደና ግንባሩ ተተረተረ፤ ጠባሳው ዛሬም ራሱ ላይ ከሚደፋው የጠበቃ ሰው ሠራሽ ጠጉር ስር አለ። ድንጋዩን ግን አምና ሰር ራልፍ አስነቅሎታል።

«የድንጋዩን ቦታ የሚያውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ቀረን» አለ ጆብ። «የእኔን ማን ይሰማል? እርስዎ አንድ ቃል ቢተነፍሱ መሬቱ ይተርፍልናል። ላሜ ሌላ የምትግጥበት የላትም።»

«እናያለን፣ ጆብ።»

ኪሱ ውስጥ የወንድሙ ደብዳቤ አለ። ምርጫ ደርሷል፣ ወንበሩን የሚፈልግ ሌላ ዘመድ አላጣሁም ይላል።

ምርመራው ሲጀመር ጆብ ባርኔጣውን ጨብጦ በአምስቱ ፊት ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ አስረዳ። የአምስቱ ሰብሳቢ አዛጋ።

«ሰነድ አለህ?»

«ማንበብ አልችልም፣ ጌታዬ። ልጅ አጋጭተንበታል።»

ተሳሳቁበት። ኤድመንድም አብሮ ፈገግ አለ። እጁ ወደ ግንባሩ ሄዶ ከመንገድ ተመለሰ።

«ታዲያ ልጁ የት አለ?» አለ ሰብሳቢው።

ጆብ ኤድመንድን አየው። ትንሽ ጠበቀው። ኤድመንድ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ያገላብጣል። ሽማግሌው ስሙን ቢጠራው ማንም አይከለክለውም ነበር፤ አልጠራውም።

«ሞቷል፣ ጌታዬ» አለ። «ጥሩ ልጅ ነበር።»

ጸሐፊው ሞቷል ብሎ መዘገበ። ግጦሹ እንዲታጠር ድምፅ ሲሰጥ ኤድመንድ ከአራቱ ጋር እጁን አወጣ።