የማዶዋ ጃንጥላ

አላዊን ወንዝ ስለማይሻገር ድምፅ አታውሩት፤ ለእሱ ያ ድምፅ ሳይሆን ማንሾካሾክ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰርግ፣ ለስብከት፣ ለቲያትር፣ ለምርጫ ቅስቀሳ ማይክና ጡሩንባ የመሰለ ድምፅ ማጉያ ሲያከራይ ኖሯል። ጡሩንባዎቹን የኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ ሲያስር፣ አንዷን የግድ ወደ ኒላ ወንዝ ማዶ ያዞራት ነበር። ማዶ ታላቅ እህቱ አይሹማ አለችዋ! እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ተድራ በታንኳ ስትሻገር እሱ ውሃው ዳር ቆሞ ሲነፋረቅ የቀረ ልጅ ነው።

መንደሩ በየዓመቱ በሚያከብረው የሼሁ በዓል ላይ መጀመሪያ ማይክ የጨበጠ ቀን፣ ሰው ሁሉ ትልቅ ንግግር ሲጠብቅ፣ ትከሻው ላይ ያለችውን ፎጣ ከራሱ በላይ አንዴ አውለበለበና፣ «ኢታታ፣ በልተሻል?» አለ። ኢታታ ማለት እዚያ አገር ታላቅ እህት ናት። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ማዶ ደግሞ፣ ከግቢዋ ደጃፍ፣ አንዲት ጥቁር ጃንጥላ ብትን አለች። ሰምቻለሁ፣ በልቻለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ያቺ ጃንጥላ ሳትከፈት ከበሮ አይመታም፣ የሰልፉ ዝሆንም ከቆመበት አይነቃነቅም። ኧረ አቤት ያኔ! ቀኑ ራሱ ሰፊ ነበር፤ ሰውም ለመሳቅ ጊዜ ነበረው።

ዘንድሮ ግን የበዓሉ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ መምህር ኩንጃሐመድ፣ ሱቁ ድረስ መጣ።

«አላዊ ኢካ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ የጡሩንባህ ዘመን አልፏል። ሕፃናት ጆሯቸውን ይዘው ነው የሚሸሹት። ሳጥን ስፒከር ካላመጣህ ሌላ ሰው እንጠራለን።»

«ሳጥንማ እኔም ቤት አለ፤ ብርድ ልብስ ነው የማስቀምጥበት» አለ አላዊ። ቀለደ እንጂ ሆድ ብሶታል። በዓሉን ቢነጠቅ ሱቁ ምን ሊሆን ነው? ሳጥኑን ቢቀበልስ አይሹማ ምን ልትሰማ ነው? ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ከግቢዋ አትወጣም፤ የቀረቻት ደስታ ይቺው በዓል ናት።

ሱቁን አብራው የምትሠራው ልጁ ራሺዳ ነገሩን አላንዛዛችውም። ኮዝሂኮድ ከተማ ካለ ነጋዴ ማጉያቸው ሆዳቸው ውስጥ የሆነ ሦስት ጥንድ ርካሽ ስፒከሮች ለሙከራ አስመጣች፤ ውዶቹንማ የሚያዩዋቸው በሕልማቸው ነው። ማታ የነጋዴው መኪና ሲመለስ አንዱ ጥንድ ይቀራል፣ ሁለቱ ይሄዳሉ።

«ኡፓ» አለችው አባቷን፣ «እኛ የምንፈልገው የሚያምረውን አይደለም። የኪራይ ዕቃ ሙሽራ አይደለም፤ ይወድቃል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ሰካራም ይደገፈዋል።»

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለ አላዊ። «ወንዙን ይሻገር።»

በዓሉ የሚደረግበት የወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ዘረጉት። ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ፤ ይኼ የአላዊ ትእዛዝ ነው፣ ክርክር የለውም። ራሺዳ ማይኩን ይዛ ታወራለች፣ እሱ ከስፒከሩ ጀርባ ተደፍቶ ቁልፍ ይጠመዝዛል፣ በየመሃሉ አንገቱን አስግጎ ወደ ማዶ ያያል።

የመጀመሪያው ግዙፍ ነው። ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ዘፈን ሲከፈትለት ደረት ያርዳል፤ ሰው ሲናገርበት ግን በብርድ ልብስ ውስጥ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ይባስ ብሎ ሩዝ ፈጪው ወፍጮውን ሲያስነሳና መብራት ሲደክም፣ እልም ብሎ ጠፋ። ማዶ ጃንጥላ የለም።

ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ራሺዳ በአንድ እጇ አንጠልጥላ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ወፍጮው ሲነሳ ምንም አልመሰለውም። ማይኩን ፊቱ ብትወስድበት ቶሎ አያፏጭም። የቀትር ፀሐይ ላይ ብታቆየው ጀርባው ጋለ እንጂ ሥራ አላቆመም። ሜዳው ዳር ያለውን የሻይ ቤት ሰውዬ ማይኩ ላይ ጋዜጣ እንዲያነብ አቁማ እሷ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ሄደች፤ ገጽ ሲገልጥ ጣቱን በምራቁ ማርጠቡ ሳይቀር ይሰማል። ራሺዳ ልቧ እዚያው ቀረ። ማዶ ግን አሁንም ጃንጥላ የለም።

አላዊ የገመድ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ወረደ። የፈራው ነገር መጣ፤ ሳጥኖቹ ማዶ አይደርሱም።

«ሦስተኛውን አምጪው» አለ በመጨረሻ። «ማይኩንም ወዲህ በይ፤ አንቺ ስታወሪ እኮ ከሰው ጋር የምትማከሪ ነው የሚመስለው።»

ሦስተኛው ሰማያዊ መብራት የሚብለጨለጭበት ጉረኛ ነገር ነው። ገና ሳይናገሩበት ትሽሽ ይላል። አላዊ ተነሳ፣ ፎጣውን አውለበለበ፣ «ኢታታ፣ በልተሻል?» አለ። ድምፁ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ማዶ ጃንጥላዋ ብትን አለች።

«እሰይ! እሰይ!» አለ አላዊ እየዘለለ። «ይኼ ነው ስፒከር! የቀሩት ይሂዱ!»

«ኧረ ኡፓ፣ በአላህ! ይኼ እኮ ዓሣ እየጠበሰ ነው፤ ስማውማ!»

«ዓሣም ይጥበስ፤ ወንዙን ተሻግሯል።»

«ሕዝቡ ያለው እዚህ ነው! ይኼ ሁሉ ሰው ጆሮውን ይዞ እየሸሸ፣ ለአንድ ሰው ብለን...»

«አንድ ሰው?» አላዊ ዓይኑ ቀላ። «አንድ ሰው አልሽ? ያቺ አንድ ሰው ባትኖር እኔ በረሃብ አልቄ ነበር፤ አንቺም አትኖሪ!»

ማይኩን እጇ ላይ ጣለላትና በደረቀው አሸዋ ላይ ወደ ታንኳዋ ገሰገሰ። የምሥራቹን ለእህቱ ራሱ ሊነግራት ነው።

አይሹማ ግቢዋ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ቴምር-ሂንዲ የሚሉትን ኮምጣጣ ፍሬ ትልጣለች። ጃንጥላዋ አጠገቧ ተጋድማለች።

«ኢታታ!» አለ ከበሩ። ዝም። «ኢታታ!» አለ ያለ ማይክ ሰርግ ቤት በሚያስነሳበት ጉሮሮው። ቁራው ከጣሪያው ላይ በርግጎ በረረ። እሷ ዘወርም አላለችም።

ምራቷ ሳፊያ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ፊቱን አየችና ክው አለች። «አትጩህ አላዊ ኢካ» አለችው ቀስ ብላ። «አትሰማህም። ያ ትልቅ ጎርፍ በመጣበት ዓመት ትኩሳት ከጣላት ወዲህ አትሰማም። እንዳትነግሪው ብላ አስምላኛለች።»

«እኔ በየሳምንቱ እየመጣሁ?»

«መጥተህ መቼ ተናግረህ ታውቃለህ? የምታወራው እሷ። አንዳንዴ ስትናገርም አፍህን ነው የምታየው።»

ዞሮ ፊቷ ቆመ። አይሹማ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፊቱን አየችና ፈገግታዋ ተነነ። «ነገረችህ አይደል? ምላሷ ይቆረጥ!»

አላዊ ጃንጥላዋን በጣቱ አሳያት።

«ፎጣህን ሳይ ነዋ የምከፍተው! ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ አልጠፋ። ዛሬ ልጅህ ስታወራ ዋለች፣ አንተ ተደፍተሃል፣ ፎጣ የለ ምን የለ፤ ምን ብዬ ልክፈት? በኋላማ ሣጥን ላይ ቁጭ ስትል፣ አሞት ይሆን ብዬ ልቤ ሲርድ ነበር። ፎጣው ሲነሳ አልሐምዱሊላህ አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት፣ አፉን እንድታነብ ቀስ ብሎ።

«ብነግርህ ፎጣውን ታነሳ ነበር?»

አላዊ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደዚያ ጊዜው ልጅ ተነፋረቀ።

«በቃ፣ በቃ» አለች ራሱን እየዳበሰች። «ገና አልበላሁም። ሳፊያ፣ ካሳቫውን አምጪ፤ አብሮኝ ይብላ።»

ሲመለስ ራሺዳ አኩርፋ ገመድ ትጠቀልላለች።

«ዓሣ ጠባሹን መልሺው» አላት። «ትንሹ ይቅር።»

ቀና አለች። «ወንዙስ?»

«ወንዙን ለእኔ ተይው።»

የበዓሉ ዕለት ኮኮናቱ ላይ ጡሩንባ አልነበረም። ትንንሾቹ ስፒከሮች ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ቆሙ፤ ወደ ማዶ የዞረ አንድም የለም። አላዊ ትከሻው ላይ ቀይ ጥለት ያለው አዲስ ፎጣ ጣል አድርጓል።

«ኡፓ፣ ይኼ ፎጣ ነው አንሶላ?» አለች ራሺዳ።

አላዊ በሁለት እጁ ዘርግቶ አውለበለበው። «ኢታታ...» አለ፤ ጉሮሮው መሰንጠቁ እንኳ እስከ ሻይ ቤቱ ጀርባ ጥርት ብሎ ተሰማ። «በልተሻል» የሚለውን ሳይጨርስ ማዶ ጥቁሯ ጃንጥላ ብትን አለች። ሜዳው አጨበጨበ፣ ከበሮው ተመታ።

«ወይ ጉድ!» አለ መምህር ኩንጃሐመድ ወደ ስፒከሮቹ እያየ። «እነዚህ ትንንሾችም ወንዝ ይሻገራሉ እንዴ?»

«ይሻገራሉ እንጂ» አለ አላዊ፣ በአዲሱ ፎጣ ዓይኑን እየጠረገ።