ሳጥን

ትልቋ ልጅ አልጋ የያዘች እናቷ የምታወራላትን ተረት በአሮጌ ኮምፒውተሯ ስትጽፍ ዓመታት አለፏት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ይጽፋል ግን! እናቷ ዓይኗ ሳይከደን ተረቱ በመጽሐፍ ታትሞ በእጇ እንዲገባ ነበር ምኞቷ። ሌላ ምኞትም አልነበራት።

ታዲያ ታናሽ ወንድሟ መጣ። ሰፈሩ «መላ» ይለዋል፤ መላ የማያገኝለት ኮምፒውተር የለም፣ እሱም ይህን ከማንም አይደብቅ።

«እትዬ፣ ይኼማ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለና ፋይሎቿን ገልብጦ አሮጌውን ባዶ አደረገው። በምትኩ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት የሚያብረቀርቅ ኮምፒውተር ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

የመጀመሪያውን ተረት ከፈተች። አንድም ፊደል የለም! ገጹ ከላይ እስከ ታች ትናንሽ አራት ማዕዘን ብቻ።

«ወይኔ ጉዴ! ሁሉም ሳጥን ሆነ!»

እናትየው ከመኝታ ክፍሏ ሰማች። «ሳጥን? ለእኔ ከሆነ መልሱት፤ ገና ነኝ!»

መላ በሳቅ ፈረሰ። ትልቋ ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አንተ ሰው፣ ከመምረጥህ በፊት በምን እንደምጽፍ ጠይቀኸኛል? የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሜ በዚህ ይሠራል?»

መላ ክው አለ። የት ጠይቆ! አዲሱ ሲስተም ያንን የጥንት መጻፊያ ጨርሶ አይቀበለውም፤ ያለ እሱ ደግሞ ፊደሎቹ አይነበቡም።

ቢሆንም መላ የተባለው በከንቱ አይደለም። «የመጻፊያው ሲዲ አለሽ?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«በቃ፣ አለቀ! አሮጌውን ሲስተም አዲሱ ውስጥ ደባል አድርጌ አስገባዋለሁ። ተቻችለው ይኖራሉ።»

እንዳለውም አደረገው። ፊደሎቹ አንድ ሳይጎድል ብቅ ሲሉ ትልቋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ኮምፒውተሩን ታቅፋ እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«አንድ ጅብ ነበር፤ ሚስት ሊያገባ ፈልጎ...»

«ቆይ ቆይ! ጅብ አይደለም፣ ጅል ነው ያልኩሽ! የትኛው ጅብ ነው ሚስት የሚያገባው?»

መላ ሳቁን ዋጠ። ትልቋ ፊቷ ቀላ። መጽሐፉን ለእናቷ ለማድረስ ስትጣደፍ፣ ለካ አንድ ቀን እንኳ አንብባላት አታውቅም!

«እኔ ሳልሰማው ልታሳትሚው ነበር?» አለች እናት፣ ትራሷን እያስተካከለች። «ገና ነኝ አላልኳችሁም? በይ፣ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»