አጥሩ የተነሳለት መናፈሻ

ክልሉ በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአዳዲሶቹ ቢሮዎች አንዱ በባሮ ዳር መናፈሻ ላይ ሕንጻ ሊሠራ መሆኑ በጋምቤላ ከተማ ተወራ። ወሬው ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳው ወንዳፈረውን ነበር። ገና በወጣትነቱ ከጎሬ ወርዶ የማዘጋጃ ቤቱ የመናፈሻ ኃላፊ እንደሆነ አርጅቷል። ሚስቱን ያገኛት እዚያው ማንጎ ሥር ነው፤ ልጆቹም ዳዴ ያሉት እዚያው ሣር ላይ ነው።

እንግዳ በመጣ ቁጥር የቦታውን ታሪክ ያወራል። እንግሊዞች ወደቡን አስረክበው ሲሄዱ በንጉሡ ጊዜ መናፈሻው መተከሉን፣ የሱዳን መርከበኞች ጭነታቸው እስኪራገፍ ጥላው ሥር ይጋደሙ እንደነበር፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ሠራተኞች እንደነገሩት ይናገራል።

ጓደኛው ኢድሪስ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ መከረው።

«አትግባበት። አንተ ስለ ዛፍ ታወራለህ፤ እነሱ የሚሰሙት ግን ደገኛው መሬት አልለቅም አለ የሚለውን ነው።»

«ታዲያ ሲቆረጥ ዝም ብዬ ልይ?»

«ሌላ ሰው ይናገር ነው የምልህ።»

ሌላ ሰው አልተገኘም። ቢሮው ነዋሪውን መናፈሻው ውስጥ ሲሰበስብ፣ ወንዳፈረው ተነስቶ የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ። «ይህ ቦታ የማንም ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ያረፍንበት ነው» ብሎ ጨረሰ። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡለት።

ከኋላ ኛሙዎች የምትባል ሴት ተነሳች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነች፤ የዚያው የባሮ ዳር ተወላጅ። የወንዳፈረውን የመጨረሻ ልጅ ያዋለደችውም እሷ ነበረች።

«አቶ ወንዳፈረው፣ ታሪኩን ከመሃል ነው የጀመሩት» አለች። «እዚህ መንደር ነበር። የአባቴ ቤት እዚያ መድረኩ ጋ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ሰዎች መጡና ልቀቁ አሉን። ጎጆውን አቃጠሉት፤ አጥር አጠሩ። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትመጣ ዘበኛው ከበሩ መለሳት። እንዲህ ለብሰሽ አይገባም አላት። ዛፉ ያደገው ከዚያ በኋላ ነው።»

የቢሮው ኃላፊ አጋጣሚውን አላሳለፈውም። «ሰማችሁ? እኛ ሥራ የምንጀምረው የድሮውን በደል ለመሻር ነው» አለና ስብሰባውን ዘጋ።

ወንዳፈረው ያን ቀን ምግብ አልቀመሰም። አመሻሹ ላይ ኛሙዎች ቤት ሄደ። በረንዳው ላይ ወንበር ሰጠችው።

«አላውቅም ነበር፣ ሲስተር» አላት።

«አልጠየቁም።»

«ሕንጻው ቢሠራ ደስ ይልዎታል?» ሲል ጠየቃት።

«ማን ደስ ይለኛል አለ? አያቴን የቀበርናት እዚያ ነው፣ ከወንዙ ወዲህ። እኔ የተናገርኩት እርስዎ ‹ሁላችንም› ስላሉ ነው። ሰውዬው ቃሌን ይዞብኝ ሄደ።»

«እንግዲያው ጠዋት አብረን ሄደን እንንገረው።»

ኛሙዎች ትክ ብላ አየችው። «አጥሩስ?»

አጥሩን በየዓመቱ የሚጠግነው ራሱ ነበር። አጥር ከሌለ ከብት እንደሚገባ፣ የአበባው መደብ እንደማይተርፍ ያውቃል።

«ይነሳ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ብዙ አስጠብቆ አስገባቸው። ሰማቸውና፣ «አሁን ዘገያችሁ፤ ማሽኑ ገብቷል» አለ።

ሲደርሱ በወንዙ በኩል ያሉት ማንጎዎች ተነቅለው ወድቀዋል። ዶዘሩ ቆሟል፤ ሾፌሩም ወርዶ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ከተነቀለው ሥር ጋር አጽም ወጥቶ ነበር።

ኛሙዎች ተንበርክካ ሻርፗን አነጠፈችና አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ልብሳቸውን ጥለው መጡ፤ ለቅሶው ተነሳ። ኃላፊው ደርሶ ከዳር ቆመ፤ ቆይቶም ሾፌሩን ማሽኑን አውጣ አለው።

ሕንጻው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አጽሙን እዚያው ወንዙ አጠገብ መልሰው ቀበሩት፤ አጥሩም ተነሳ። ከብት ገባ፤ አበባው አለቀ። ከወንዳፈረው ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ ሰዎች መናፈሻውን አሳልፎ ሰጠ ብለው ሰላምታ ነፈጉት። የባሮ ዳር ተወላጆች ደግሞ ደገኛው ሊያታልለን ነው እያሉ በጥርጣሬ ያዩት ነበር።

ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ዛፎቹ የተነቀሉበት ዳርቻ እየተናደ ወደ መቃብሩ ተጠጋ። ኛሙዎች ሴቶቹን ሰብስባ አጽሙን ወደ ላይ፣ አባቷ ቤት ወደነበረበት ለማዛወር መጣች። ወንዳፈረው አካፋውን ይዞ በዝናቡ ውስጥ መጣና አዲሱን ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ማንም አልጠራውም ነበር፤ ሂድ ያለውም የለም።