ወደ ኋላ የሚል ፊሽካ

ከአዳማ የመጡት ስካውቶች አቢጃታ ሐይቅ ዳር ደረሱ። ወፍ ማጥናትን የመረጡት ታላላቆች፣ መሪያቸውን ምንተስኖትን ይዘው፣ ውኃው ሸሽቶ ያደረቀውን ሰርጥ ዞረው ፍላሚንጎ ሊያዩ ወደ ማዶ አቀኑ። «ግልገል» የሚባሉት፣ ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናቸው ታናናሾችም ተከተሏቸው። የግልገሎቹ መሪ ሚልካ ምሳ ልታሰናዳ አውቶቡሱ ዘንድ ቀረች።

«ግልገሎችሽን ላስኮብልልብሽ?» አላት ምንተስኖት ሲሄድ።

«እስቲ ሞክር! ፊሽካዬን ከሰሙ አንተን ረግጠው ነው የሚመጡት።»

«አይ ሚልኪ! አንቺ እኮ ጦር ነው የምታሳድጊው።»

ሳቀች፤ ደስም አላት። ሦስት አጫጭር ፊሽካ «ወደ እኔ ሩጡ» ነው። አንድ ረጅም «ባላችሁበት ቁሙ፣ ዝም» ነው። መጨረሻ የደረሰ ዔሊ ይባላል፤ ስለዚህም ሁሉም ይበርራሉ።

ምሳው ሲደርስ፣ እጇ እንደ ልማዱ ፊሽካውን አነሣ። ሦስት ጊዜ ነፋች።

ከማዶ ቢጫ ሻርፖች ተነቃነቁ። ግልገሎቹ ግን በመጡበት መንገድ አልዞሩም፤ በደረቁ ሰርጥ ላይ ቀጥ ብለው ወደ እርሷ ፈሰሱ። ያን ጊዜ የሐይቁ ጠባቂ ጠዋት የተናገረው ታወሳት፦ ላዩ ቅርፊት ነው፣ ሥሩ ማጥ፤ በሬ ገብቶ አልወጣም።

አንድ ረጅም ነፋች። ሁሉም ባሉበት ደረቁ።

ከሁሉ ፊት የነበረችው ሊዲ ነበረች፤ ከግልገሎቹ ትንሿ። ቁርጭምጭሚቷ ተሰወረ፤ ከዚያ ጉልበቷ። አልተንፈራገጠችም፤ እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ ሚልካን ታያለች። ሚልካ ጮኸች፤ ነፋሱ ድምፅዋን መልሶ አፏ ውስጥ ከተተው። ሦስቱን ብትነፋ ሁሉም ወደ ማጡ ይሮጣሉ። ዝም ብትል ሁሉም ቆመው ይሰምጣሉ። ወደ ኋላ ተመለሱ የሚል ፊሽካ አላስተማረቻቸውም፤ ያስፈልጋል ብላ አስባም አታውቅ።

አውቶቡሱ ዘንድ የነበረውን የድንኳን ሸራ ጎትታ ቅርፊቱ ላይ ዘረጋችና በደረቷ ተሳበች። ሥሯ ያለው ምድር እንደ ታማሚ ሆድ ይንቦጫቦጫል። ከማዶ ምንተስኖት ሰርጡ ጫፍ ደርሶ እጁን እያወናጨፈ የግልገሎቹን ስም ይጠራል፤ አንዳቸውም ዞረው አላዩትም። የሚያዩት እርሷን ብቻ ነበር።

ድምፅዋ ሊሰማ የሚችልበት ቦታ ስትደርስ «ምንተስኖትን ስሙት! በዱካችሁ ተመለሱ! ቀስ!» አለች።

ያኔ ዞሩ።

ሊዲ እስከ ወገቧ ገብታለች። ሚልካ ብብቶቿን ይዛ ሳበቻት። ማጡ አለቅም አለ፤ ደግማ ሳበች፤ ደግማ። ጫማዎቿን አስቀርቶ ሲለቃት ሁለቱም ሸራው ላይ ተዘረሩ።

«ቲቸር፣ አልተንቀሳቀስኩም አይደል?» አለች ሊዲ በሚልካ ጆሮ።

«ለምን አልጮኽሽም፣ የኔ እናት?»

«ረጅም ነው የነፋሽው።»

ግልገሎቹ በሙሉ፣ ሰርጡን ዞረው፣ በሕይወት አውቶቡሱ ዘንድ ደረሱ። ማንም ሳያዝዛቸው በቁመት ተሰለፉ፤ ሊዲም ባዶ እግሯን፣ ጭቃው እየተንጠባጠበባት፣ ቦታዋን ያዘች። ከንፈሮቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን አንድም ድምፅ አልወጣም። ሚልካ እንዲያለቅሱ ተመኘች። አልቅሱ ብትላቸው በአንድነት እንደሚያለቅሱ ግን ገባት፤ አፏንም ለመክፈት ፈራች።